የለቀቀ ጣት

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው የሰው ቤት ግድግዳ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ መግጠም ነው። ሀብታም አልነበረም፤ ድሃም አልነበረም። ስጋታም ግን ነበር።

ቆይ ስንሻው፣ አትቁነጥነጥ። ጥያቄህን ትቼ ወደ ተረት የገባሁ መስሎህ ነው። «ጋሽ ደምሰው፣ የእድራችን ሕግ ግልጽ ነው፤ ከቀብርም ከድንኳንም ደጋግሞ የቀረ ይሰረዛል። ወይዘሮ ማንያህልሻል ከቀሩ ከረሙ። ችግር ካለባቸው አፍ አላቸው፣ በራችን ክፍት ነው፣ መጥተው ይናገሩ። ደጃቸው ድረስ ሄደን የመፈለግ ግዴታ አለብን ወይ?» ብለኸኛል። ነገ በስብሰባው ላይ ስሟን ልታነሳ ነው። ሌሊቱንም እንቅልፍ አልወሰደህም፤ ዓይንህ ይናገራል። የእድር ዳኛ ሆኖ እንቅልፍ ያጣ ሰው ገና ተስፋ አለው። እንግዲህ ስማኝ፤ መልሱ ያለው ከዚህ ሰውዬ ቤት ነው።

ሰውየው የሚገጥመው ማብሪያ እኔና አንተ ቤት ያለው ቀጭ የሚለው ዓይነት አይደለም። ዘመናዊው ነው፣ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች የሚያስገቡት። አንዱ ቁልፍ ብቻውን ብዙ ትእዛዝ ይቀበላል። ነካ አድርገህ ብትተወው መብራቱ ይበራል። ተጭነህ ብትቆይ መብራቱ ቀስ በቀስ እየደመቀ ይሄዳል፤ ጣትህን ስታነሳ ባለበት ይቆማል። መጋረጃውም እንዲሁ ነው፤ ቁልፉን ስትይዘው ይወርዳል፣ ስትለቀው ይቆማል። ይህን ሁሉ የሚያዘው በስልኩ ነው። ለያንዳንዱ ቁልፍ «ሲያዝ ይህን አድርግ፤ ሲለቀቅ ደግሞ ያንን አድርግ» ብሎ ይጽፍለታል። እኔ መጀመሪያ ሲነግሩኝ «ቁልፍ ነው ወይስ ወታደር?» ብዬ ስቄባቸው ነበር። ኋላ ግን ሳቄ ጠፋ።

ይህ ሰው አባት ነበረው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር። እናቱ ካረፉ በኋላ አባቱን ወደ ቤቱ አምጥቶ ከታች ያለችውን ክፍል ሰጣቸው። ያን ሁሉ ዘመን መሪ የጨበጡት እጆች አሁን ይንቀጠቀጣሉ። ውሃ ሲጠጡ ግማሹን ደረታቸው ይጠጣዋል። እሱና ሚስቱ ጧት ወጥተው ማታ ስለሚገቡ ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ናቸው።

እንግዲህ ስጋታም ሰው ምን ይሠራል? ይደውላል። መሰላል ላይ ቆሞ ይደውላል፣ ታክሲ ውስጥ ይደውላል፣ ጉርሻውን ሳይውጥ ይደውላል። «አባዬ፣ ደህና ነህ?» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ። «ወገብህስ?» ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን።» «ምሳ በላህ ወይ?» ሲልም «እግዚአብሔር ይመስገን።» የኛን ሰው ታውቀው የለ! ቢታመምም ምስጋና፣ ቢርበውም ምስጋና፣ የቀረውን ሆድ ይፍጀው ነው። ልጅየው ስልኩን ዘግቶ አንዲት ደቂቃ እንኳ አያርፍም ነበር።

ስለዚህ ሙያው ያስተማረውን አደረገ። በአባቱ ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ከአልጋው አጠገብ፣ መሬት የወደቀ ሰው እንኳ እንዲደርስበት ዝቅ አድርጎ አንድ ቁልፍ ገጠመ። መብራት ቢጠፋ በባትሪ ይሠራል። ሽማግሌው ነካ ካደረጉት የልጁ ስልክ ይጮኻል። «አባዬ፣ አንዳች ነገር ሲሰማህ ንካው፤ ያለሁበትን ትቼ እመጣለሁ» አላቸው። የዚያን ቀን እንደ ሕፃን ተኛ።

ብዙም ሳይቆይ ሥራ ላይ እንዳለ ስልኩ ጮኸ። ሰውየው ሽቦውን እንደተንጠለጠለ ጥሎ ሮጠ። የቤቱን በር በትከሻው ገፍቶ ቢገባ ሽማግሌው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ብርቱካን እየላጡ ሬዲዮ ይሰማሉ።

«ምነው ልጄ፣ በደህና ነው?» አሉት።

ለካ ጋቢያቸውን ሲያነሱ በክርናቸው ቁልፉን ነክተውት ኖሯል። ልጅየው መጀመሪያ ግድግዳ ይዞ ቆመ። ወዲያው ግን ያ ሁሉ ድንጋጤ ወደ ቁጣ ተለወጠበት። አንተም ልጆች አሉህ፤ የጠፋ ልጅ ሲገኝ መጀመሪያ ማቀፍ፣ ቀጥሎ በጥፊ ነው። «አባዬ፣ ሥራ አስፈታኸኝ እኮ!» ብሎ ጮኸባቸው።

ሽማግሌው «ይቅርታ ልጄ» አሉና የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

የዚያኑ ዕለት፣ ንዴቱ ሳይበርድለት፣ ሰውየው ተቀምጦ የቁልፉን ትእዛዝ ለወጠ። እንዴት እንደለወጠው በደንብ አስተውል። ደንበኞቹ ቤት ይህ ነገር ሁልጊዜ ያጋጥመዋል። ልጅ ይደገፈዋል፣ ሠራተኛ ባልዲ ስትሸከም ትነካዋለች፤ ያን ጊዜ መጋረጃው በእንግዳ ፊት ይወርዳል፣ ባለቤቶቹም ይቆጣሉ። ስለዚህ በስህተት መሆን የሌለበትን ነገር «ተይዞ ሲቆይ ብቻ ሥራ፤ ቶሎ ከተለቀቀ ግን ስህተት ነውና ተወው» ብሎ ያዘዋል። በዚያ ሙያ የታወቀ ብልሃት ነው። ለአባቱም ቁልፍ ያንኑ ጻፈለት። ጣት ተጭኖ ከቆየ ስልኩ ይጮኻል። ቀድሞ ከለቀቀ ደግሞ አይጮኽም፤ ነዘር ብሎ «ተጭኗል፣ ተለቋል» የሚል ቃል ከአረንጓዴ ነጥብ ጋር ብልጭ አድርጎ ያልፋል።

በአውራ ጣቱ ተጭኖ ሞከረው፤ ሠራ። ደግሞ ሞከረው፤ ሠራ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ነበርና «እስቲ አባባ ራሳቸው ይሞክሩት» አለችው።

«ምን ይሞከራል፣ ቀላል ነገር ነው» አላት። ወደ አባቱም ዞሮ «አባዬ፣ ሲያስፈልግህ ተጫነውና ‹በስመ አብ› ብለህ ‹አሜን› እስክትል ድረስ ያዘው። ከዚያ በፊት ከለቀቅከው ደህና ነህ ማለት ነው፤ አልመጣም» አላቸው።

«እሺ ልጄ። ከእንግዲህ ሥራ አላስፈታህም» አሉ ሽማግሌው።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው ወደዚያ ግድግዳ መጠጋት ተዉ። ጋቢያቸውን እንኳ በሌላው ወገን መስቀል ጀመሩ። ልጅየውም ስልኩ ዝም ስላለ ያረፈ መሰለው። መሰለው ነው የምልህ፤ ስጋት እኮ በር ሲዘጉበት ከመስኮቱ ሥር ይቀመጣል እንጂ አይሄድም።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ሰውየው የአንዲት ባለጸጋ አሮጊት ቤት ሥራ እየጨረሰ ነበር። ለማታ እንግዳ ጠርተዋልና ቸኩለዋል። ምንጣፋቸው ነጭ ስለሆነ ጫማውን በር ላይ አስወልቀውታል። የመጨረሻውን ቁልፍ በካቻቢቴ እያጠበቀ ሳለ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረው። አወጣና አየ። ተጭኗል፣ ተለቋል። አረንጓዴ ነጥብ።

«ተደግፎት ይሆናል» አለና መለሰው።

ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ነዘረ። ተጭኗል፣ ተለቋል። ደግሞ ነዘረ። ለአባቱ ቢደውል አይነሳም። «ሬዲዮው ጮኾ ነው» አለ ለራሱ። ደግሞ ደወለ፤ አይነሳም። ስጋቱ «ተነስ!» ይለዋል፤ በገዛ እጁ የጻፈው ትእዛዝ ደግሞ «ተቀመጥ፣ ለቋል፣ ደህና ነው» ይለዋል። ያንን በከንቱ የሮጠበትን ቀን አስታወሰ፤ ብርቱካኑንም አስታወሰ። ሥራውን ትቶ ቢሄድ እኚህ ሴትዮ ምን ይላሉ? ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተና ሥራውን ሊያስረክብ ተነሳ።

«ይኸውልዎት እትዬ» አላቸው። «የሳሎኑ መብራት በዚህ ነው። ተጭነው ይያዙት፤ ይደምቃል። የሚበቃዎት ላይ ሲደርስ ይልቀቁት።»

አሮጊቷ ጣታቸውን ዘርግተው ተጫኑ። መብራቱ ትንሽ ደመቀና ቆመ።

«በቃዎት?»

«ኧረ ገና ነው» አሉ። ደግመው ተጫኑ። አሁንም ትንሽ ደመቀና ቆመ። ሳሎኑ ድንግዝግዝ እንዳለ ነው።

ሰውየው ሐሳቡ ሌላ ቦታ ስለሆነ ትዕግሥት አጣ። «እትዬ፣ ገና ከሆነ ታዲያ ለምን ይለቁታል?»

አሮጊቷ ያበጠ ጣታቸውን በሌላው እጃቸው እያሹ አዩት። «ልጄ፣ የለቀቅኩት በቅቶኝ መሰለህ? ጣቴ አልችል ብሎኝ እኮ ነው።»

ካቻቢቴው ከሰውየው እጅ ወደቀ። ጫማውንም አላሰበም፤ በካልሲው ወጣ።

ከዚህ በኋላ ያለውን መንገድ እኔ ልነግርህ አልችልም፤ የሄደበት ነው የሚያውቀው። ታክሲ ውስጥ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ይጠባበቃል። ተጭኗል፣ ተለቋል። ቃሉ ያው ነው፤ አሁን ግን የሚሰማው ሌላ ነው። እያንዳንዷ አረንጓዴ ነጥብ «ልጄ» ስትለው ትሰማዋለች። ለሚስቱ ደወለ፤ እሷ ከሱም የራቀች ናት። ለጎረቤቱ ደወለ፤ ጎረቤቱ ሄዶ «በሩ ከውስጥ ተዘግቷል፣ ባንኳኳ መልስ የለም» አለው። መኪናው ሁሉ ተቆልፎ ቆሟል፤ ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋል። ያን ጊዜ ሰውየው ምን ተመኘ መሰለህ? ብርቱካን። ገብቶ አባቱን ብርቱካን ሲልጡ ቢያገኝ፣ በከንቱ አስሩጠውት ቢሆን፣ ዕድሜ ልኩን ሥራ ቢያስፈቱት ተመኘ።

ከዚያ ስልኩ መንዘሩን አቆመ።

አየው። ነቀነቀው። ዝም አለ። ሰውየው ከታክሲው ወርዶ በእግሩ ሮጠ። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ነገር ከኋላው እየሮጠ እግሩን የሚረግጠው መሰለው።

«ሞቱ» እንዳልልህ ፈርተሃል፤ ፊትህ አመድ መሰለ። አልሞቱም። በሩን ከጎረቤቱ ጋር ሰብረው ሲገቡ ሽማግሌው በአልጋውና በግድግዳው መካከል በጎናቸው ወድቀዋል። ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል። የምትሠራዋን እጅ ወደ ቁልፉ ሲሰቅሉ ቆይተዋል፤ ጉልበት ያልቅባትና ትወርዳለች፤ ደግሞ ይሰቅሏታል፤ መጨረሻ ላይ ግን መስቀሉም አቅቷቸዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ልጅየው ጆሮውን አስጠግቶ ሲሰማ «በስመ አብ... በስመ አብ...» ይላሉ። «አሜን» ላይ መድረስ አልቻሉም። ቁልፉ ደግሞ «አሜን» ካልሰማ አይጠራም።

ልጃቸውን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ሞላ። በተሳሰረ ምላስ እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ ዛሬም ሥራ አስፈታሁህ?»

ሰውየው መሬት ላይ ተቀምጦ የአባቱን ራስ ታቅፎ አለቀሰ። ያቺን «ሥራ አስፈታኸኝ» የምትል ቃል የወረወረባቸው እሱ ነበር፤ እሳቸው ጠብቀው አኑረው መለሱለት።

ሐኪሞቹ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብታመጧቸው ኖሮ» አሉ። ሽማግሌው ምላሳቸው ተፈታ፤ እግራቸው ግን አልተመለሰም። ያቺ «ትንሽ» በልጅየው ልብ ውስጥ ዛሬም ትኖራለች፤ ማንም አያወጣትም።

ከሐኪም ቤት የተመለሱ ዕለት ሰውየው አባቱ በወደቁበት ቦታ ላይ በጎኑ ተጋደመ። ጉልበቱን ሁሉ ከእጁ አውጥቶ፣ እንደ ጨርቅ አላልቶ ወደ ቁልፉ ዘረጋት። ነካው፤ ወደቀች። ነካው፤ ወደቀች። ከዚያ ተነስቶ የድሮውን ትእዛዝ ሰረዘና ሌላ ጻፈ። ነካ ተደርጎ የተለቀቀ እንደሆነ ያን ጊዜ ጩህ። ቶሎ የተለቀቀ እንደሆነ ደግሞ ይበልጥ ጩህ።

ሚስቱ «እንደዚያ ቀን በሐሰት ቢጠራህስ?» አለችው።

«በሐሰት የጠራኝ ቀን አባቴን በደህና አይቼው እመለሳለኋ። ከዚህ የሚበልጥ ምን ሥራ አለኝ?» አላት።

ሽማግሌው ግን አንዴ ፈርተዋልና ቁልፉን መንካት እምቢ አሉ። ልጅየው እጃቸውን ይዞ፣ ጣታቸውን በጣቱ እየገፋ በየቀኑ ያለማምዳቸው ጀመር። «ጥራኝ አባዬ። ዝም ብለህ ጥራኝ» ይላቸዋል። ቆይተው ለመዱ። አንዳንድ ቀን ብርቱካን ለመጋበዝ ይጠሩት ነበር አሉ፤ እሱም ይመጣ ነበር።

እንግዲህ ስንሻው፣ ያ ቁልፍ የኛ እድር ሕግ ነው። ክፉ ሰው አልጻፈውም። የሙት ቤት ብቻውን እንዳይቀር፣ ሰነፉ በታታሪው እንዳይጫወት ብለን የጻፍነው እኛው ነን፤ እኔም እጄን አውጥቼበታለሁ። ግን በማን ጣት ሞከርነው? በራሳችን። አንተ ችግር ቢደርስብህ መጥተህ፣ ስብሰባ መሐል ቆመህ፣ ጉሮሮህን ጠርገህ ትናገራለህ። ጉልበቱ አለህ። ጉልበት ያለው ሰው «አሜን» እስኪል ይይዛል። የጨነቀው ሰው ግን ይጀምራል እንጂ አይጨርስም።

አሁን ራስህ የነገርከኝን ልመልስልህ። ማንያህልሻል ማን ነበረች? የለቅሶ ቤት ሽንኩርት ከመከተፉ በፊት ቢላዋዋን ይዛ የምትደርስ ሴት። ያቺ ሴት ባለፈው ለቅሶ ድንኳኑ አፍ ላይ ቆማ፣ ሰው አይታ፣ ሳትገባ ተመለሰች አልከኝ። ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን ያንተን በር አንኳኳች። ወጣህላት። የልጆችህን ደህንነት ጠየቀችህ፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ «ምንም አይደለም፣ ሌላ ጊዜ እመጣለሁ» ብላህ ሄደች። ይህንን የነገርከኝ «በሁለት እግራቸው ቆመው ይሄዳሉ፣ ምንም አልሆኑም» ለማለት ነው።

ልጄ፣ ድንኳኑ ላይ ተጫነች፤ ለቀቀች። በርህ ላይ ተጫነች፤ ለቀቀች። አንተ ደግሞ አረንጓዴ ነጥብ አድርገህ አነበብከው። አሁን ጨርሳ ዝም ብላለች፤ ነገ ደግሞ ዝም አለች ብለህ ልትሰርዛት ነው።

እቤቷ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም። ምንም ላይኖር ይችላል። እኔ ሽማግሌው፣ አንተ ዳኛው፣ በከንቱ ደጇ ቆመን እናፍር ይሆናል። ይሁና፤ ያ ቀን የብርቱካን ቀን ይሁንልን። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላው ነው፤ አሁን ቁጭ ብዬ ሳወራህ እንኳ ያቺ እጅ እየወረደች ይመስለኛል።

ነገ ስብሰባ ላይ አይደለም፤ አሁን ነው። ያቺን ከዘራ ከበሩ ኋላ አቀብለኝ፣ ጫማህንም አድርግ። ሄደን እናንኳኳ። ከፍታ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ካለችን እንዳትመለስ። ግባና ተቀመጥ። «አሜን» ላይ እስክትደርስ አንተ ያዝላት።